ስለ ቪሼይ ታሪክ፦ የሌሎችን ቤተሰብ ኩባንያ እየገዛ ያደገው የቤተሰብ ኩባንያ

ባለሽቦው (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለመድረኩ ታዳሚዎች። ስለ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚቋቋም ትንሽ ክፍል) ጥራት በተከፈተው ሌላ ክር ላይ አንድ ተሳታፊ «ቪሼይ ማለት ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ርካሽ ስም ነው» ብሎ አለፈ። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች አምራች በአንድ መስመር ሲጣጣል ዝም ማለት ስላልሆነልኝ ለብቻው ክር ከፈትሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መሥራቹ ፊሊክስ ዛንድማን ይባላል። ያደገው በግሮድኖ ነው፤ ከተማዋ ያን ጊዜ በፖላንድ ሥር ነበረች፣ ዛሬ ቤላሩስ ውስጥ ትገኛለች። በ1943 መጀመሪያ ጀርመኖች የከተማዋን አይሁዶች ጠራርገው ወደ ሞት ካምፖች ሲያግዙ ልጁ ዕድሜው 15 ዓመት ገደማ ነበር። ወላጆቹና እህቱ አለቁ። እርሱ አምልጦ የሄደው ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው ሎሶስና፣ የቤተሰቡን የበጋ ቤት ይጠብቁ ወደነበሩት ወደ ፑኻልስኪዎች ነው። ካቶሊኮች ናቸው፤ አምስት ልጆች የሚያሳድጉ ድሆች። የቤቱ እመቤት አና የዛንድማን አያት ውለታ ነበረባት፤ ከብዙ ዓመታት በፊት ጭንቅ ላይ ሳለች ደርሰውላታል። አይሁድን ያስጠጋ ቤተሰብ ከነልጆቹ በሚገደልበት ዘመን ልጁን ተቀበለችው።

ከመኝታ ክፍሉ ወለል ሥር ጉድጓድ ተቆፈረ። ፊሊክስ፣ አጎቱ ሴንደር ፍሬይዶቪች እና ሌሎች ሦስት ሰዎች ቀጥ ብሎ መቆም በማይቻልበት በዚያ ጉድጓድ ውስጥ 17 ወር ተቀመጡ። አጎትየው ሒሳብ ያውቅ ስለነበር በጨለማ ውስጥ፣ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ፣ አልጀብራና ትሪጎኖሜትሪ በቃል አስተማረው። በ1944 በጋ የሶቪየት ጦር አካባቢውን ሲይዝ ከጉድጓዱ የወጣው ወጣት መደበኛ ትምህርት ከተቋረጠበት ዓመታት ቢያልፉም በሒሳብ ከእኩዮቹ የሚያንስ አልነበረም።

ከጦርነቱ በኋላ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ፤ በናንሲ ምህንድስና ተምሮ በሶርቦን የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። የምርምሩ ጉዳይ የኋላውን ሁሉ ስለሚያስረዳ ትንሽ ልቆይበት። አንዳንድ ግልጽ ፕላስቲኮች ሲታጠፉ ወይም ሲጨመቁ በውስጣቸው የሚያልፈው ብርሃን ጠባዩን ይለውጣል፤ በልዩ ማጣሪያ ሲታዩም ጫናው የበዛበት ቦታ በቀስተ ደመና ቀለማት ይለያል። ከእርሱ በፊት የነበሩ ተመራማሪዎች የማሽኑን ክፍል በፕላስቲክ ቀርጸው ሞዴሉን ይመረምሩ ነበር። ዛንድማን ፕላስቲኩን በእውነተኛው የብረት ክፍል ላይ ለበጠው። የአውሮፕላን እግር የቱ ጋ እንደሚጨነቅ እዚያው በራሱ አካል ላይ በዓይን ይታያል ማለት ነው። ዘዴው ፎቶስትረስ ተባለ፤ በ1956 ወደ አሜሪካ የወሰደውም ይኸው ሙያ ነው።

ፊላደልፊያ አካባቢ በአንድ የመለኪያ መሣሪያዎች ኩባንያ ሲሠራ ስለ አዲስ ዓይነት ሬዚስተር አሰበ። አሠሪዎቹ ሐሳቡ አላጓጓቸውም። በ1962 ከዘመዱ ከአልፍሬድ ስላነር በተገኘ ገንዘብ የራሱን ኩባንያ በፔንሲልቬኒያ፣ ማልቨርን አቋቋመ። ስሙን የሰጡት በሊትዌኒያ በምትገኝ፣ ዘመዶቻቸው ባለቁባት መንደር ስም ነው። እንግዲህ «ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ» የተባለው ስም ይህ ነው።

ታሪኩ ረጅም ስለሆነ እዚህ ላይ ልቁምና ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።

ራዲዮ ሠሪ

ወንድሜ ባለሽቦው፣ እጅህ ይባረክ። እኔ ከራዲዮና ከቴሌቪዥን ጥገና ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። እኛ ዘንድ ሬዚስተር ማለት ያ ቀለበታም ነገር ነው፤ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ ብለን አንድ ሺህ ኦም (ኦም የመቋቋም መለኪያው ነው) እናነባለን፣ አምስት በመቶ ቢስት ማንም አይቀየመንም። የተቃጠለውን ነቅለን በሌላ እንተካለን፣ ራዲዮው ይዘፍናል። ለመሆኑ ይህ ሰው የሠራው ሬዚስተር ከዚህ በምን ቢለይ ነው አንድ ኩባንያ የቆመበት?

ባለሽቦው

ጥያቄው ተገቢ ነው። ለራዲዮ አምስት በመቶ ይበቃል። የሚሳኤል መሪ፣ የሳተላይት መለኪያ ወይም የላቦራቶሪ ቮልቲሜትር ሲሆን ግን ከመቶ አንድ መቶኛውም ያሳስባል። ከዚያ በላይ የሚያስቸግረው ሙቀት ነው። ጠዋት አንድ ሺህ ኦም የነበረው እኩለ ቀን ላይ ሌላ ሆኖ ከተገኘ መሣሪያው ይዋሻል።

በዚያ ዘመን ትክክለኛ ሬዚስተር የሚሠራው ረጅም ቀጭን ሽቦ በመጠምጠም ነበር። ሽቦው ልኩን ይጠብቃል፤ ነገር ግን የተጠመጠመ ሽቦ ጥቅል ስለሆነ በፍጥነት ለሚለዋወጥ ሞገድ አይመችም። በስስ ንብርብር የሚሠሩት ደግሞ ፈጣን ናቸው፣ በሙቀት ግን ይዋልላሉ።

የዛንድማን ዘዴ እንዲህ ነው። ከኒኬልና ከክሮሚየም ቅይጥ የተሠራ እጅግ ስስ የብረት ቅጠል በሴራሚክ ጠፍጣፋ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ ቅጠሉ ተፈልፍሎ እየተመላለሰ የሚሄድ ቀጭን መንገድ ይወጣለታል። ሙቀት ሲጨምር ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። አንደኛ፣ የብረቱ የመቋቋም አቅም በጠባዩ ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ብረቱ መለጠጥ ይፈልጋል፤ ሴራሚኩ ግን እንደ እርሱ ስለማይለጠጥ ይይዘዋል፣ ስለዚህ ቅጠሉ ይጨመቃል። የተጨመቀ ብረት ደግሞ የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል። ቅይጡና የሴራሚኩ ዓይነት በጥንቃቄ ከተመረጡ መጨመሩና መቀነሱ ይጣፋሉ። ውጤቱ ለአንድ ዲግሪ የሙቀት ለውጥ ከሚሊዮን አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ የሚንቀሳቀስ ሬዚስተር ነው።

እዚህ ላይ የዶክትሬት ሥራውን አስታውሱ። ብረት ሲሳብና ሲጨመቅ በውስጡ ምን እንደሚሆን ማወቅ የሰውየው ሙሉ ሙያ ነበር። ሌላው የሬዚስተር ሠሪ እንደ ችግር የሚያየውን ጫና እርሱ መሣሪያ አደረገው። ኩባንያው ገና ከጅምሩ በሁለት እግሩ የቆመውም ለዚህ ነው፦ በአንድ በኩል ሬዚስተር፣ በሌላ በኩል በድልድይ፣ በክንፍና በሚዛን ላይ ተለጥፎ ጫናን የሚለካ ስትሬን ጌጅ። ሁለቱም በአንድ ስስ የብረት ቅጠል ነው የሚሠሩት።

አክሲዮን አዋቂ

ታሪኩ ያማረ ነው፤ በአርእስቱ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። «የቤተሰብ ኩባንያ» የምትለው ኩባንያ አክሲዮኑ በኒውዮርክ ገበያ በየቀኑ ይሸጣል ይለወጣል። ነገ ጠዋት አንተም እኔም መግዛት እንችላለን። ይህ ምኑ ነው የቤተሰብ?

በእውነት የቤተሰብ የሆነ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች አምራች ማየት ለሚፈልግ ቦርንስን ልጥቀስለት። ማርላን ቦርንስና ባለቤቱ ሮዝሜሪ ሁለቱም ፊዚክስ የተማሩ ነበሩ። በ1947 ካሊፎርኒያ፣ አልታዴና ውስጥ በመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ሥራ ጀመሩ። መጀመሪያ የሠሩት ለአውሮፕላን የሚሆኑ መለኪያዎችን ነው። በ1952 ትሪምፖት ብለው የሰየሙትን አወጡ፤ ራዲዮ ሠሪ ያውቀዋል፣ ያ በትንሽ ካቻቢቴ እያሽከረከርን ሰርኪዩቱን የምናስተካክልበት ሳጥን ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ማስተካከያ ትልቅና ለመንቀጥቀጥ የማይሆን ነበር። ኩባንያው ወደ ሪቨርሳይድ ተዛወረ፣ ዛሬም ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ነው። ከማርላን በኋላ ልጃቸው ጎርደን ያዙት። አክሲዮኑ ገበያ ላይ ወጥቶ አያውቅም። በሪቨርሳይድ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ኮሌጅ የባልና ሚስቱን ስም ይዞ ይገኛል። እንዲህ ነው የቤተሰብ ኩባንያ!

ባለሽቦው

ጋሽ አክሲዮን አዋቂ፣ እርስዎ ሁልጊዜ ነገር በሕግ ዓይን ነው የሚያዩት፤ እኔ ደግሞ ማን ይወስናል በሚለው ነው የማየው። ቪሼይ ሁለት ዓይነት አክሲዮን አለው። ተራው አንድ ድምፅ አለው፤ ምድብ «ለ» የሚባለው ግን አሥር ድምፅ አለው፣ የዚህም አብዛኛው ክፍል በዛንድማን ቤተሰብና በቅርቦቻቸው እጅ ነው። ገንዘቡ የሕዝብ ይሁን እንጂ የመጨረሻው ቃል ከቤተሰቡ አይወጣም። ልጃቸው ማርክ ዛንድማን የቦርዱ ሊቀ መንበር ሆኗል፣ የመሥራቹ ባለቤት ሩታም በቦርዱ ተቀምጠው ነበር። ቤተሰቡ ይህን ያህል ቦታ ከያዘ አርእስቴን የምቀይርበት ምክንያት አይታየኝም።

አርእስቱን የመረጥሁበት ሌላም ምክንያት አለ፣ እርሱን በሰፊው እመለስበታለሁ።

የፊላደልፊያ ነዋሪ

እኔ ከማልቨርን ብዙ አልርቅም። በዚያ መንገድ ባለፍሁ ቁጥር የማየው ዝቅ ያለ ሕንፃና ሣር ነው፤ የዓለም ኩባንያ ይቀመጥበታል ብሎ የሚገምት የለም።

ስለ አልፍሬድ ስላነር አንድ ነገር ልጨምር። ገንዘቡ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም። ስላነር የኤሌክትሮኒክስ ሰው አልነበረም፤ ካይዘር ሮት የተባለው የልብስና የካልሲ ኩባንያ መሪ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆመው ለሚውሉና እግራቸው ለሚያብጥ ሴቶች እግርን ደግፎ የሚይዝ ረጅም ካልሲ ያወጣው እርሱ ነው። በሌላ አነጋገር በዓለም ላይ እጅግ ትክክለኛ የሆነው ሬዚስተር የተጀመረው ከሴቶች ካልሲ በተገኘ ትርፍ ነው። እናቶቻችን ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል።

ባለሽቦው

የፊላደልፊያዋ እህታችን ሳቄን አመጣሽው። እንግዲህ ወደ አርእስቱ ልመለስ።

ቪሼይ ለሃያ ዓመት ያህል በትክክለኛ ሬዚስተርና በስትሬን ጌጅ ብቻ ነበር የሚኖረው። ጥሩ ገበያ ነው፤ ግን ጠባብ። በዓለም ላይ ስንት ሳተላይት ይመጥቃል? በ1980ዎቹ አጋማሽ ዛንድማን ሌላ መንገድ ያዘ፦ ሥራ የተቀዛቀዘባቸውን ነባር አምራቾች መግዛት፣ ምርቱን ርካሽ ጉልበት ወዳለበት ማዛወር፣ ስሙንና ደንበኛውን መያዝ። የገዛቸውን ብትመለከቱ ከብዙዎቹ ጀርባ አንድ መሥራችና አንድ ቤተሰብ አለ።

የመጀመሪያው ትልቅ ግዢ ዴል ኤሌክትሮኒክስ ነው፤ ፋብሪካው በነብራስካ ግዛት፣ ኮሎምበስ በምትባል የገበሬ ከተማ ነው። ባለቤቱ ማን ነበር ብትሉ ላዮኔል፤ አዎ፣ የመጫወቻ ባቡር የሚሠራው ላዮኔል! ጆሹዋ ላዮኔል ካወን የመሠረተው ኩባንያ በኋላ ከቤተሰቡ እጅ ወጥቶ፣ ሌላ ሌላ ንግድ እያከማቸ ሄዶ በ1982 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ከንብረቱ ሁሉ ትርፍ የሚያመጣው ዴል ነበር። የዴልን 82 በመቶ አክሲዮን ለሌላ ገዢ በ50 ሚሊዮን ዶላር ለመሸጥ ሲሞክር የአክሲዮን ባለቤቶች ተቃወሙ፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ1983 ሽያጩን ሻረው። ያ ፍርድ እስከ ዛሬ በአሜሪካ የኪሳራ ሕግ ትምህርት ውስጥ ይጠቀሳል። ዴል ያልተሸጠ ሆኖ ቆየና በ1985 ቪሼይ ግማሹን ገዛ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀሪውን ጠቀለለ።

ከዚያ በኋላ መቆሚያ አልነበረውም። በ1987 የጀርመኑ ድራሎሪክ፣ በ1988 የፈረንሳዩ ስፈርኒስ፣ በ1992 ከስፕራግ የታንታለም ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚለቅ ዕቃ) ክፍል፣ በ1993 ሮደርስታይን፣ በ1994 ቪትራሞን። በ1998 ከጀርመን የቴሚክን ሴሚኮንዳክተር (የትራንዚስተርና የመሰል ክፍሎች) ንግድ ሲገዛ የትራንዚስተር አምራቹን የሲሊኮኒክስን 80.4 በመቶ አብሮ አገኘ፤ በዚህ ግዢ ነው ከሬዚስተርና ከካፓሲተር ወጥቶ ትራንዚስተር አምራች የሆነው። በ2001 ጄኔራል ሴሚኮንዳክተር፣ በ2002 የቀድሞው የፊሊፕስ የሬዚስተርና የካፓሲተር ክፍል የነበረው ቢሲ ኮምፖነንትስ። ዝርዝሩ ይህ ብቻ አይደለም፤ ግን ይበቃል።

የእኔ ነጥብ ይህ ነው። እነዚያ ሁሉ ኩባንያዎች ሲሸጡ የዛንድማን ኩባንያ ገዢ ሆኖ የቀረው የተሻለ ሬዚስተር ስለሠራ ብቻ አይደለም። ገበያ ላይ ወጥቶ የሰው ገንዘብ ሲሰበስብ የመወሰኑን ሥልጣን አብሮ ስላልሸጠ ነው።

የማሳቹሴትሷ

ስፕራግ ሲባል ዝም ማለት አልቻልሁም። ከኖርዝ አዳምስ ብዙ በማይርቅ ከተማ ነው የምኖረው፤ የድሮውን ፋብሪካ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

የስፕራግ ኩባንያ መሥራች የሮበርት ስፕራግ አባት ፍራንክ ስፕራግ ናቸው፤ ለከተማ የኤሌክትሪክ ባቡር ሞተርና መቆጣጠሪያ በመፈልሰፍ በታሪክ የሚነሱ ሰው። ልጁ በ1926 ኩዊንሲ ውስጥ የካፓሲተር ሥራ ጀመሩና በ1930 ወደ ኖርዝ አዳምስ ተዛወሩ። ቀድሞ የጨርቅ ማተሚያ የነበረውን የቀይ ጡብ ሕንፃ ያዙ። በ1960ዎቹ ከ4,000 በላይ ሠራተኛ ነበራቸው። የከተማው ሕዝብ ጠቅላላ ሃያ ሺህ ባልሞላበት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ፣ አማትና ምራት ሁሉም አንድ በር ነው የሚገቡት።

በ1970 ትልቅ የሥራ ማቆም አድማ ሆነ፤ አሥር ሳምንት ቆየ። ሠፈር ውስጥ የማውቃቸው አረጋውያን ዛሬም ጊዜን «ከአድማው በፊት» እና «ከአድማው በኋላ» እያሉ ይከፍሉታል። ኩባንያው በ1970ዎቹ ለሌላ ድርጅት ተሸጠ፤ የመሥራቹ ልጅ ጆን ስፕራግ እንደ ተቀጣሪ መሪ ሆነው ጥቂት ዓመት ቀጠሉ። በ1985 በዚያ ሕንፃ የነበረው ሥራ ተዘጋ። ባለሽቦው የጠቀስኸው የ1992 ግዢ እንግዲህ ቤተሰቡ ከወጣ ቆይቶ፣ ከተማውም ካዘነ በኋላ የተፈጸመ ነው።

ሕንፃው በ1999 የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ግቡና ተመልከቱት፤ የእግር ኳስ ሜዳ የሚያህል አዳራሽ አለው፣ ጡቡ ላይ ማሽን ታስሮ የነበረበት ቦታ ይለያል። ቱሪስቱ ለሥዕሉ ይመጣል፣ እኔ ግን ጡቡን ነው የማየው።

የቤርሼባው

ከእስራኤል ነው የምጽፈው፤ የታሪኩ አንድ ክፍል እዚህ ስለሆነ። ዛንድማን ገና ወደ 1970 ግድም ሆሎን ውስጥ ፋብሪካ ከፈተ። ከዚያ ዲሞና፣ ቤርሼባ፣ ሚግዳል ኤሜቅ ተከተሉ። መንግሥት ከመሐል አገር ርቀው ለሚከፈቱ ፋብሪካዎች ድጋፍ ይሰጥ ስለነበር የሰውየው የእስራኤል ፍቅርና የሒሳብ ሠራተኛው ስሌት አንድ ቦታ ተገናኙ ማለት ይቻላል።

ሌላው ያልተነሣው ነገር የመርካቫ ታንክ ነው። የታንክ መድፍ ረጅም ቱቦ ነው። ፀሐይ ከላይ ሲመታው የላይኛው ጎን ይሞቃል፣ ይለጠጣል፤ የታችኛው ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል፤ ቱቦውም በዓይን በማይታይ ልክ ይጎብጣል። ከሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያ ጉብጠት ዒላማን መሳት ነው። ዛንድማን መድፉን የሚያለብስ፣ ሙቀቱን በዙሪያው የሚያዳርስ ሽፋን ፈለሰፈ። ባለሽቦው ስለ ቅጠሉና ስለ ሴራሚኩ ከነገርኸን ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ሰውየው ዕድሜ ልኩን በሙቀት የተለጠጠ ብረት ሲያሳድድ ኖሯል።

እናቴ ከመጣን በኋላ በደቡቡ በሚገኝ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ፋብሪካ ለዓመታት ሠርታለች፤ የየት እንደሆነ ልተወው። ከጎንደር ገጠር ጥጥ ስትፈትል ያደገች ሴት ናት። ሥራው የሩዝ ፍሬ ከሚያህሉ ክፍሎች መካከል የተሰነጠቀውን ወይም ጫፉ ቆርቆሮ ያልያዘውን በማጉያ መነጽር እያዩ በመቆንጠጫ ማውጣት ነበር። አለቃዋ በፍጥነቷ ይደነቅ ነበር፤ የሌሊቱን ፈረቃ ግን ሁልጊዜ ለእርሷና ለመሰሎቿ መስጠቱን አላቆመም። ስለ ዓለም ኩባንያ ታሪክ ስናወራ እነዚህ ጣቶች ባይረሱ ደስ ይለኛል።

ራዲዮ ሠሪ

የቤርሼባው ወንድሜ፣ እናትህን እግዚአብሔር ይጠብቅልህ። እኔ ስንቱን ክፍል ነቅዬ ጥያለሁ፣ በማን ዓይን ሥር እንዳለፈ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

ጀማሪ ተማሪ

የኤሌክትሪካል ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሁለት ነገር ልጠይቅ፦ ዛንድማን አሁን አሉ? ያ የመጀመሪያው ቅጠል ሬዚስተርስ አሁንም በቪሼይ ይሠራል? የቴክኒክ መግለጫ ስፈልግ የተለያየ የኩባንያ ስም እያገኘሁ ግራ ገባኝ።

ባለሽቦው

ግራ የገባህ በከንቱ አይደለም። በ2010 ኩባንያው ለሁለት ተከፈለ። ስትሬን ጌጁ፣ የክብደት መለኪያውና ያ የመጀመሪያው ቅጠል ሬዚስተር ቪሼይ ፕሪሲዥን ግሩፕ ለሚባል አዲስ ኩባንያ ተሰጡ፤ እርሱም በኒውዮርክ ገበያ ለብቻው ተመዘገበ። ቪሼይ ዛሬ ትራንዚስተር፣ ዳዮድ፣ ካፓሲተር፣ ጥቅልና ሌሎች ሬዚስተሮችን ይሠራል፤ የተመሠረተበት ሬዚስተር ግን በእጁ የለም። ትልቁ ንግድ በገፋ ቁጥር ትንሹና ትክክለኛው ምርት ከሒሳቡ ውስጥ አልታይ ብሎ ነበር፤ ለብቻው መውጣቱ እኔ እንደማየው ጠቅሞታል። ማርክ ዛንድማን በሁለቱም ቦርዶች ተቀምጦ ስለነበር ክፍፍሉ ከቤተሰቡ ቁጥጥር መውጣት አልነበረም።

ፊሊክስ ዛንድማን በጁን 2011 አረፉ። ፑኻልስኪዎች ደግሞ ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ፣ በ1980ዎቹ፣ በኢየሩሳሌሙ የሆሎኮስት መታሰቢያ ተቋም በያድ ቫሼም «ከአሕዛብ መካከል ጻድቃን» ተብለው እውቅና አግኝተዋል።

አክሲዮን አዋቂ

ባለሽቦው የመወሰን ሥልጣንን እያሞገሰ አንድ ነገር አለፈ። በ2000 የሞባይል ስልክና የኢንተርኔት ገበያ ሲግል የቪሼይ ሽያጭ ወደ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ፤ በማግሥቱ ዓመት ገበያው ሲወድቅ ወደ 1.7 ቢሊዮን ገደማ ዝቅ አለ። እዚያው ዓመት ውስጥ ግዢውን ቀጠለ! አሥር ድምፅ የያዘ ቤተሰብ ሲሳሳት «ቁም» የሚለው የለም። ይህ ደግሞ የዚሁ ሥልጣን ሌላው ፊት ነው።

ያልተሳካለትም አለ። በ2008 ኢንተርናሽናል ሬክቲፋየር የተባለውን የሴሚኮንዳክተር አምራች ሊገዛ በይፋ ጨረታ አቀረበ፤ በኋላም ዋጋውን ወደ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ከፍ አደረገ። ይህን ኩባንያ በ1947 ካሊፎርኒያ ውስጥ የመሠረቱት ኤሪክ ሊዶው እና አባቱ ሊዮን ናቸው፤ ኤሪክ የቪልኒየስ ተወላጅ ነው። እንግዲህ ከግሮድኖ የመጣው ከቪልኒየስ የመጣውን ሊገዛ ነበር፤ ሁለቱ ከተሞች የአንድ ቀን መንገድ እንኳን አይራራቁም። የመሥራቹ ልጅ አሌክስ ሊዶው ከአንድ ዓመት በፊት ከመሪነት ወርዶ ነበር። ቦርዱ እምቢ አለ፣ የገንዘብ ቀውሱ ደረሰ፣ ቪሼይም ተወው። በመጨረሻ ኩባንያውን የጀርመኑ ኢንፊኒዮን በ3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወሰደው። አያችሁ፣ ሁልጊዜ ዛንድማን አያሸንፍም።

ባለሽቦው

ስለ 2001 እስማማለሁ፤ ያን ጊዜ አክሲዮን የያዘ ሰው የሚያሞግስ አይመስለኝም። ነገር ግን ጋሼ፣ በተቃራኒው ሞሌክስን ይመልከቱ። የክሬቢል ቤተሰብ በ1938 ኢሊኖይ ውስጥ ከፋብሪካ ተረፈ ምርት በተሠራ ፕላስቲክ ጀመረ፤ ሞሌክስ የፕላስቲኩ ስም ነበር። ቀጣዩ ትውልድ ወደ ኤሌክትሪክ ማገናኛ ቀየረውና የዓለም ኩባንያ አደረገው። እነርሱም ልክ እንደ ቪሼይ ድምፁን በእጃቸው ይዘው ነበር። በ2013 ግን በ7.2 ቢሊዮን ዶላር ለኮክ ኢንዱስትሪስ ሸጡት። የገዢውም ባለቤት ቤተሰብ መሆኑን ልብ ይበሉ። ድምፁን መያዝ የሚያግዘው ላለመሸጥ ብቻ አይደለም፤ መቼና ለማን እንደሚሸጡ ለመምረጥም ነው።

ራዲዮ ሠሪ

ክርክሩን አላቋርጥ፣ ግን አንድ ተግባራዊ ጥያቄ አለኝ። ከአሮጌ የአሜሪካ ማጉያ ውስጥ የነቀልኋቸው ካፓሲተሮች «ስፕራግ» የሚል አላቸው፤ ከነዚህ መካከል ብርቱካንማ ቀለም ያላቸው ድብልብሎች አሉ። የጊታር ተጫዋቾች በነዚህ ይምላሉ። ምትክ ብፈልግ ቪሼይን ነው የምጠይቀው?

ባለሽቦው

ቪሼይ የገዛቸውን ስሞች አልጣላቸውም፤ በምርት ዝርዝሩ ላይ ዛሬም ቪሼይ ዴል፣ ቪሼይ ስፕራግ፣ ቪሼይ ድራሎሪክ፣ ቪሼይ ሮደርስታይን እያለ ነው የሚጽፋቸው። በአሮጌ ማጉያ ውስጥ ሰማያዊ ቱቦ የሚመስሉት፣ አተም የሚባሉት የስፕራግ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች በቪሼይ ሥር ናቸው። ብርቱካንማዎቹ ግን ሌላ መንገድ ሄደዋል። ኦሬንጅ ድሮፕ የሚባለው ያ ምርት ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ኮርኔል ዱቢሊየር ዘንድ ደረሰ፤ በ1909 የተመሠረተ፣ ለብዙ ዘመን በቤተሰብ እጅ የቆየ ካፓሲተር አምራች ነው። እርሱንም በ2023 ኖውልስ የተባለ ሌላ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች አምራች ገዛው። ስለዚህ ስትጠይቅ በኮርኔል ዱቢሊየር ስም ጠይቅ፣ የቮልቱን መጠን ከነቀልኸው አታሳንስ፣ የማጉያው ዋና ካፓሲተር ሳይራገፍ እጅህን አታስገባ።